ሞትን ያስቀራል የተባለው ድንጋይ እና የፓሪሱ ጸሐፊ

ክረምት ሲመጣ ከባሕር ማዶ የልጅ ልጆቻቸውን የሚቀበሉ አያቶች ከሻንጣው ምን እንደሚወጣ ያውቃሉ። ልብስ፣ ቸኮሌት፣ ከእጅ የማትለይ ስልክ፣ አንድ ሁለት ወፈር ወፈር ያሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት። ከመጻሕፍቱ መካከል የሃሪ ፖተር አንዱ ክፍል አይጠፋም። እዚሁ ያደጉት ልጆችም መጽሐፉን ባያገኙ ፊልሙን አይተውታል። የመጀመሪያውን ክፍል የጨረሰ ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «አያቴ፣ የፈላስፋው ድንጋይ የእውነት አለ እንዴ? አንቺ ብታገኚው አትሞቺም ማለት ነው?»

ብዙዎቻችን «ተረት ነው፣ ተው» ብለን እናልፈዋለን። ድንጋዩ ተረት መሆኑ እውነት ነው። ከተረቱ ጀርባ ግን በእርግጥ የኖረ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ያገባ፣ ቤት ያሠራ፣ የሞተ፣ የመቃብሩ ድንጋይም እስከ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የሚታይ ሰው አለ። እኔ በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት መርፌ በመውጋትና ሙቀት በመለካት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን የልጅ ልጆቼ የሚጠይቁኝን ነገር እየፈለግሁ ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል። የዚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ከጠበቅሁት በላይ ከሙያዬ ጋር የሚገናኝ ነገር አገኘሁበት።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ደራሲዋ እንግሊዛዊቷ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ ናት፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ እንግሊዝ አገር የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ሲታተም ከርዕሱ ላይ «ፈላስፋ» የሚለው ቃል ወጥቶ «አስማተኛ» የሚል ገባበት። ስለዚህ ከለንደን የመጣው የልጅ ልጃችሁና ከዋሽንግተን የመጣችው በርዕሱ ቢከራከሩ አትደነቁ፤ መጽሐፉ አንድ ነው። በታሪኩ ውስጥ አንድ ደም የመሰለ ቀይ ድንጋይ አለ። ማንኛውንም ብረት ወደ ንጹሕ ወርቅ ይለውጣል፤ ከእሱ የሚገኘውን መጠጥ የጠጣ ሰውም አይሞትም። የድንጋዩ ባለቤት ኒኮላ ፍላሜል የሚባል ሽማግሌ ነው። በመጽሐፉ መሠረት 665 ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ፔርኔል ደግሞ 658። ክፉው ሰው ይህን ድንጋይ ሊሰርቅ ይፈልጋል፤ ወላጆቹ የሞቱበት የ11 ዓመቱ ልጅ ሃሪ ደግሞ ሊያድነው ይሞክራል።

ልጆቹ የማያውቁት፣ ትልልቆቹም ብዙ ጊዜ የማያውቁት፣ ኒኮላ ፍላሜልም ፔርኔልም የደራሲዋ ፈጠራ አለመሆናቸውን ነው።

እውነተኛው ፍላሜል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1330 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። የኖረው ፓሪስ ነው። ሥራው ጽሕፈት ነበር። ማተሚያ ቤት ገና ባልተፈጠረበት በዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚባዛው በእጅ ነው፤ ብዙ ሰውም ማንበብና መጻፍ አይችልም። ፍላሜል የሥጋ ነጋዴዎች ሠፈር ከነበረው ከቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። እዚያ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ይገለብጣል፣ ለሰው ውል ይጽፋል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መጻሕፍትም ይሸጣል። እኛ አገር ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎችና የገዳም ቁም ጸሐፊን አንድ ላይ አድርጋችሁ አስቡት፤ ያ ነው ፍላሜል።

ፔርኔልን ሲያገባት እሷ ሁለት ባል ቀብራ ሀብት ይዛ የቆየች ሴት ነበረች። ልጅ አልወለዱም። የሁለቱ ገንዘብ ሲገናኝ፣ የጽሕፈቱም ሥራ ሲሰምር፣ ቤትና ቦታ እየገዙ ማከራየት ጀመሩ። ያገኙትን ደግሞ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለድሆችና ለሕሙማን ማረፊያዎች ሰጡ። ፔርኔል እ.ኤ.አ. በ1397 ሞተች። እሱ ከእሷ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኖረ።

ብቻውን በቀረባቸው ዓመታት ያሠራው አንድ ቤት እስከ ዛሬ ቆሟል። ፓሪስ ውስጥ ሞንሞራንሲ በሚባል ጎዳና ላይ ቁጥር 51 ነው፤ የተሠራው በ1407 ነው። በከተማዋ ካሉት የድንጋይ ቤቶች ሁሉ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል፤ አሁን ምድር ቤቱ ምግብ ቤት ነው። እኔን የገረመኝ አሠራሩ ነው። ከታች ያለውን ለንግድ ያከራያል፤ በኪራዩ ገንዘብ ደግሞ ፎቁ ላይ ደሃ ሠራተኞችን ያኖራል። ደሃው የሚከፍለው ምንድን ነው? በየቀኑ አንድ «አባታችን ሆይ» እና አንድ የእመቤታችንን ሰላምታ ለሞቱ ኃጢአተኞች መድገም። ይህ ግዴታ ከደጃፉ በላይ በድንጋይ ተቀርጾ ዛሬም ይነበባል። የቤት ኪራይ ናላውን ላዞረው የአዲስ አበባ ሰው ከወርቅ ድንጋዩ ይልቅ ይኼኛው ነው ተአምር የሚመስለው።

ታዲያ ይህ ጸሐፊ እንዴት የአስማት ድንጋይ ባለቤት ሆነ? እሱ በሕይወት እያለ ወርቅ ይሠራል ብሎ የጻፈበት ሰው አልተገኘም። ወሬው የተነሣው ከሞተ በኋላ ነው፤ የገነነው ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1612 ፓሪስ ውስጥ አንድ መጽሐፍ በስሙ ሲታተም ነው። መጽሐፉ ፍላሜል ራሱ የጻፈው ተደርጎ የቀረበ ነው። በዚያ ታሪክ መሠረት ፍላሜል በሁለት ፍሎሪን አንድ እንግዳ መጽሐፍ ይገዛል፤ ገጾቹ ሃያ አንድ ናቸው፤ የተሠሩትም ከዛፍ ልጥ ነው። ምሥጢሩን የሚፈታለት ፍለጋ እስከ ስፔን ድረስ ይሄዳል። በመጨረሻም በ1382 ፔርኔል ባለችበት ሜርኩሪን መጀመሪያ ወደ ብር፣ ቀጥሎም ወደ ወርቅ ይለውጣል። ተመራማሪዎች ይህን መጽሐፍ ሌላ ሰው ጽፎ በስሙ ያወጣው ፈጠራ እንደሆነ ይናገራሉ። ሕዝቡ ግን ወደደው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፖል ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ፣ ቱርክ አገር አንድ ደርቡሽ አግኝቶ ፍላሜልና ሚስቱ ገና በሕይወት እንዳሉና ሕንድ እንደሚኖሩ ነገረኝ ብሎ እስከ መጻፍ ደረሰ።

ይህን ሳነብ አገሬ ትዝ አለችኝ። እኛም ዘንድ ብራና የሚዳምጥ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ መቃ የሚቀርጽ ሰው እንዲሁ ዝም ብሎ አልተወም። ጥሩ ጸሐፊ፣ አዋቂ ደብተራ ከሆነ «አንድ ነገር ያውቃል» ይባልበታል። ሌላው የማያነበውን ማንበብ መቻሉ ብቻ ያስፈራል። በዚያ ላይ ኑሮው ከተቃናለትማ ሰው ላቡን አይቶ አያምንም፤ የሆነ የተደበቀ ነገር ይፈልግለታል። የፓሪስ ሰዎችም አንድ ጸሐፊ በሥራውና በሚስቱ ሀብት መበልጸጉን ከማመን ድንጋይ አገኘ ማለት ቀለላቸው። ከሞተ በኋላ ወርቅ ፍለጋ ቤቱን የቆፈሩ ሰዎች እንደነበሩም ይነገራል።

የመቃብሩ ነገር ደግሞ አለ። ፍላሜል የሞተው በ1418 ነው። የመቃብሩን ድንጋይ ያዘጋጀው ገና በሕይወት እያለ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ሲፈርስ ግንቡ ብቻ ቀረ፤ ያ ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ በአጠገቡ አንዱ ጎዳና በፍላሜል፣ ሌላው በፔርኔል ስም ይጠራል። የመቃብር ድንጋዩ ግን ጠፋ። ብዙ ዘመን ቆይቶ አንድ ነጋዴ ቅጠላ ቅጠል መክተፊያ አድርጎት ተገኘ ይባላል። አሁን ፓሪስ ውስጥ ክሉኒ በሚባለው ሙዚየም ይገኛል። ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ሊሸከመው ይችላል። ከላይ ክርስቶስ ከጴጥሮስና ከጳውሎስ ጋር ተቀርጿል፤ ከታች ደግሞ የሚፈርስ ሬሳ አለ። ጽሑፉም ከምድር እንደመጣና ወደ ምድር እንደሚመለስ ይናገራል። አይሞትም የተባለው ሰው ስለ ራሱ የጻፈው ይህንን ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። የድንጋዩ ፈላጊዎች፣ አልኬሚስት የሚባሉት፣ ከእጃቸው የማይለዩት ነገር ሜርኩሪ ነው፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። ለምን እንደማረካቸው ይገባኛል። ብረት ሆኖ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ብትነኩት ጣት አያረጥብም፤ ብትበትኑት ተመልሶ ይሰበሰባል። ወርቅ ካገኘ ደግሞ ይይዘዋል፤ ቢጫው ወርቅ ነጭ ይሆናል። ድሮ ሆስፒታል ውስጥ የሠራን ነርሶች ይህን በዓይናችን እናውቀዋለን። ያኔ ሙቀት የምንለካበት ቴርሞሜትር ውስጡ ሜርኩሪ ነበር፤ የደም ግፊት መለኪያውም እንደዚሁ። ቴርሞሜትር ሲሰበር የመጀመሪያው ትምህርታችን «ቀለበታችሁን አውልቁ» የሚል ነበር። ያልሰማች ባልደረባዬ የቃል ኪዳን ቀለበቷ ግማሹ ብር መስሎ ቀርቶባት አልቅሳለች።

ቀለበቱስ ወርቅ ቤት ይታደሳል። የማይታደሰው የሰው አካል ነው። ሜርኩሪ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሽታም ቀለምም የሌለው ትነት ያወጣል። ትነቱ በሳንባ ገብቶ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ቁጡ ያደርጋል፣ መርሳት ያመጣል። ትልቁ የሳይንስ ሰው አይዛክ ኒውተን በድብቅ አልኬሚ ይሠራ ነበር፤ ከሞተ ከዘመናት በኋላ ከፀጉሩ በተወሰደ ናሙና ከፍተኛ የሜርኩሪ መጠን ተገኝቷል። የቻይናው የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግም ያለመሞት መድኃኒት ነው ተብሎ የተሰጠውን የሜርኩሪ እንክብል ሲውጥ ኖሮ ገና በ49 ዓመቱ እንደሞተ ይነገራል። ላለመሞት ብለው የሞቱ ሰዎች ታሪክ ረጅም ነው።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ ቢሆን አላነሣውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሜርኩሪ ቴርሞሜትር መመረትና ከአገር አገር መሸጥ እስከ 2020 እንዲቀር ወስኗል። ቢሆንም በየቤታችን መሳቢያ የተቀመጠ አሮጌ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ዛሬም ሞልቷል። ከተሰበረባችሁ ልጆቹን ከክፍሉ አውጡ፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ የሚድኸውን ሕፃን ቀድሞ ያገኘዋል። መስኮት ክፈቱ። በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ በቫኪዩም ማጽጃም አትንኩት፤ ሁለቱም ይበትኑታል። በጠንካራ ወረቀት እየገፋችሁ ሰብስቡና ክዳን ባለው ጠርሙስ ዝጉት፤ የት እንደሚጣል ጤና ተቋም ጠይቁ። ልጁ ቴርሞሜትሩን አፉ ውስጥ ሰብሮት ቢውጠው፣ የተዋጠው ፈሳሽ ሜርኩሪ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል፤ የሚያሰጋው ስባሪው ብርጭቆ ነው፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት እንጂ ለማስመለስ አትሞክሩ።

ከቴርሞሜትሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የቆዳ ማቅያ ክሬም ነው። በየገበያው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አላቸው። በአንዳንዱ ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪክ የሚል ይጻፋል፤ በአንዳንዱ ላይ ምንም አይጻፍም። ሴት ልጆቻችሁ ፊታቸው በሳምንት ውስጥ ቀላ ብሎ ካያችሁ፣ «አምሮብሻል» ከማለታችሁ በፊት ዕቃውን አምጥታ እንድታሳያችሁ ጠይቁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትማ ፈጽሞ ልትነካው አይገባም። ክሬሙን የቀባችው እናት ብትሆንም በእቅፏ ያለው ሕፃንም ይነካዋል።

ስለ ሕይወት መጠጥ ካነሣን፣ እኔ በእጄ የበጠበጥኩት አንድ አለ። በአንድ ሊትር ማሰሮ። ሥራ የጀመርኩበት ጤና ጣቢያ በክረምት ተቅማጥ ያደረቃቸው ሕፃናት ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ሲያለቅሱ እንባ እንኳ ጠፍቶባቸው ይመጡ ነበር። ሕይወት አድን የምንለውን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጠን በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንሰጣለን። ጠዋት ያ ሕፃን ጡት ሲፈልግ ማየት! ውስጡ ያለው ዋናው ነገር ስኳርና ጨው ነው። እሽጉ ከሌለ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ እየሰጡ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ጨው አይብዛ፤ አደገኛ ነው። የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። አስማት የሚመስል ነገር ስላልሆነ ይሆናል።

አስማት የሚመስለውን የሚሸጡልን ሌሎች ናቸው። ስኳርን፣ ግፊትን፣ ካንሰርን፣ መካንነትን በአንድ ጠርሙስ የሚያድኑ። አንድ የሠፈሬ እናት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ገዝተው የስኳር መድኃኒታቸውን አቆሙ። «ሲስተር፣ አሁን እንደ ልጅ ሆኛለሁ» ይሉኝ ነበር። ሦስት ሳምንት አልሞላቸውም፤ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ተርፈዋል፤ የእግራቸው ጣቶች ግን አልተረፉም። ሻጩ ዛሬም ይሸጣል። አንድ ነገር ሁሉንም በሽታ ያድናል ከተባላችሁ፣ ያኔውኑ የፍላሜልን ድንጋይ አስቡ።

ልጆቹ ግን የሚጠይቁን ስለ ሜርኩሪ አይደለም። ጥያቄው የቱ ጋ እንዳለ ልብ በሉ፤ «አንቺ አትሞቺም ማለት ነው?» የሚለው ላይ ነው።

እኛ ሞትን ከልጅ እንደብቃለን። መርዶ ለትልቅ ሰው እንኳ በማለዳ፣ ሰው ሰብስበን፣ እየተጠነቀቅን ነው የምንነግረው፤ ለልጅ ደግሞ ጭራሽ አንነግርም። በሥራ ዘመኔ አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ እናቱ ሆዱን ያመዋል ብላ አመጣችልኝ። አይበላም፣ ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። ሐኪሙ መረመረው፣ ሰገራውም ሽንቱም ታየ፤ ምንም የለም። እናቱ መድኃኒት ቤት ስትሄድ እኔ ጋ አስቀመጥኩትና ወግ ጀመርን። «ማን ነው የሚያስተኛህ?» አልኩት። «እማማ ነበረች» አለኝ፤ አያቱን ነው። «አሁንስ?» ስለው፣ «አሜሪካ ሄደች፤ ሳትስመኝ ሄደች» አለና ፊቱን አዞረ። አያቱ ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ልጁ ሐዘን አይደለም የያዘው፤ የተጠላ መስሎት ነው። ያሳደጉት አያቱ ሳይሰናበቱት፣ ስልክ ሳይደውሉለት፣ እንዲያው ጥለውት የሄዱ መስሎታል።

እናቱን ለብቻዋ ነገርኳት። ተቆጣችኝ መጀመሪያ፤ «ልጄን ላስለቅሰው?» አለችኝ። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ነግራዋለች፤ አልቅሷል፤ የአያቱን ነጠላ ስጡኝ ብሎ ይዞት ይተኛል። ሆዱን አልታመመም።

ከልምዴ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት ተመልሶ የማይመጣበት መሆኑን በደንብ አይረዳም፤ ዛሬ ነግራችሁት ነገ «መቼ ይመጣሉ?» ይላችኋል። አትሰልቹ፤ ያንኑ መልስ ደግማችሁ ስጡት። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆነው ይገባዋል፤ ያኔ ደግሞ «አንቺስ?» ይላል። «ተኝተዋል» አትበሉት፤ መተኛት የሚፈራ ልጅ አይቻለሁ። «ታመው ነው የሞቱት» ብቻ ካላችሁት ደግሞ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ይደነግጣል፤ በጣም ከባድ፣ ከጉንፋን የተለየ በሽታ እንደሆነ ንገሩት። እምነታችሁ ስለ ወዲያኛው ዓለም የሚያስተምረውን ንገሩት፣ ግን መሞታቸውን ሳትሸፍኑ። ካለቀሰ ይልቀስ። እናንተም ብታለቅሱ ይይ።

የሮውሊንግን መጽሐፍ የወደድኩለት እዚህ ላይ ነው። እሷ ታሪኩን መጻፍ በጀመረችበት በ1990 ማብቂያ ላይ እናቷን በነርቭ በሽታ አጣች፤ እናትየዋ 45 ዓመታቸው ነበር። የእናቷ ሞት መጽሐፉ ውስጥ እንደገባ ራሷ ተናግራለች። ታሪኩ ውስጥ የልብን ምኞት የሚያሳይ መስታወት አለ፤ ወላጅ አልባው ሃሪ ሲመለከትበት የሚያየው የሞቱትን እናትና አባቱን ነው። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ሄዶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ይህን ገጽ ለልጅ ልጄ ሳነብላት ድምፄ ተያዘብኝ፤ እሷ ናት የጨረሰችው።

መጨረሻው ላይ ድንጋዩ ይጠፋል። ክፉው ሰው እንዳያገኘው የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ዳምብልዶርና ፍላሜል ተነጋግረው እንዲወድም ይስማማሉ። ሃሪ ይደነግጣል፤ ፍላሜልና ሚስቱ ሊሞቱ ነዋ! ሽማግሌው ግን፣ ጉዳያቸውን ሥርዓት የሚያስይዙበት ያህል መጠጥ እንዳላቸው፣ ከዚያም እንደሚሞቱ በረጋ መንፈስ ይነግረዋል። በዕድሜያቸው ለጠገቡ ሰዎች ሞት ከረጅም ቀን በኋላ አልጋ ላይ እንደመውጣት ነው የሚል ሐሳብም አለበት። ትንሽ ልጅ ሞትን ከእንቅልፍ ጋር እንዳያምታታው ስለምሰጋ ይህችን ቦታ አብሬ ማንበብ እመርጣለሁ። ሐሳቡን ግን እንደ ሽማግሌ እቀበለዋለሁ።

«ጉዳይን ሥርዓት ማስያዝ» የምትለዋ ነገር ደግሞ ከልጆቹ ይልቅ እኛን ትመለከታለች። እውነተኛው ፍላሜል ከመሞቱ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት በ1416 ኑዛዜውን ጽፎ ነበር፤ ልጅ ስለሌለው ለማን ምን እንደሚሰጥ ዘርዝሮ። እኛ ስድስት ሰባት ልጅ ወልደን፣ ቤት አፍርተን፣ «ሟርት ይሆናል» እያልን ኑዛዜ ሳንጽፍ እንሞታለን፤ ልጆቻችን ከአርባው ሳያልፉ ፍርድ ቤት ይቆማሉ። ምን ዓይነት ሕክምና እንደምንፈልግ፣ ሕመማችን ከጠና ማን እንዲወስንልን እንደምንሻ እንኳ አንነግራቸውም። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወንድምና እህት በእናታቸው አልጋ ራስጌ ሲጣሉ ማስታረቅ የነርስ ሥራ ሆኖ ነው የኖረው።

አንዳንድ ወላጆች መጽሐፉን «ጥንቆላ ያስተምራል» ብለው ይከለክላሉ። የእነሱን ስጋት አላቃልልም፤ ልጁን የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው። እኔ የማየው ግን የተከለከለውን መጽሐፍ ልጁ ስልኩ ላይ ብቻውን እንደሚያነበው ነው። አብሮት የሚያነብ ሰው ቢኖረው ድንጋዩ የቱ ጋ ተረት፣ ሰውየው የቱ ጋ እውነት እንደሆነ ይጠይቃል። የማያነቡ አያቶችም አይከፉ፤ ልጁ በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ እንዲያወራላችሁ አድርጉ። አማርኛውም ይፈታለታል፤ «ሦስት ራስ ያለው ውሻ»ን በአማርኛ ለማስረዳት ሲታገል ማየት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው።

ለዕድሜ ከጠየቃችሁኝ፣ ለመጽሐፉ ዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው እላለሁ። ፊልሙ ውስጥ ከሰውየው ራስ ጀርባ ሌላ ፊት የሚታይበት ቦታ ትንንሾቹን ያስፈራል፤ ማታ ከመኝታ በፊት ባይሆን ይመረጣል። የእኔዎቹ አሁን ሁለተኛውን ክፍል ይዘዋል። እሱ ስለ አንድ ትልቅ እባብ ነው አሉኝ፤ እኔ ገና አልጀመርኩትም።